ጥርስ የለሽ የተባሉት አርባ አንድ ሰዎች

እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ነቃዩ ዶክተሩ ናቸው፤ እሳቸው በፊተኛው ክፍል የነቀሉትን እኔ በኋለኛው ክፍል እተካለሁ። ስለዚህ ሙሉ ጥርስ ያለው ሰው ሲስቅ ባየሁ ቁጥር ትንሽ ቅር ይለኛል። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ያ ሁሉ ጉድ የእትዬ ካርድ ጥፋት ነው እያሉ የሚያወሩ ስላሉ ነው። ውሸት ነው። ጥፋቱ የአራት ሰው ነው፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ እናዘዛለሁ።

እትዬ ካርድ የክሊኒካችን መዝገብ ያዥ ናት። እናትና አባቷ ሌላ ስም አውጥተውላት ነበር፤ ግን ከደመወዝ መዝገብ ውጭ የሚያስታውሰው የለም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ወፈር ያለ ነው። ካርድ ለመግለጥ እንዲመቻት አመልካች ጣቷ ላይ የላስቲክ ቆብ ታጠልቃለች፤ ታዲያ ማውለቁን እየረሳች እሱን ይዛ ገበያ ስትሄድ፣ ሰርግ ላይ ስትጨብጥ አይቻታለሁ። ከጀርባዋ ስድስት የብረት መሳቢያዎች አሉ፣ በውስጣቸው ሰባት መቶ ካርድ። ሰውን በመልኩ አታውቅም። መንገድ ላይ አንዱ ሞቅ አድርጎ ሰላም ብሏት ሲያልፍ «ማን ነው እሱ?» ካልኳት፣ «የላይኛው ቀኝ መንጋጋው ሁለቴ የተሞላው ነዋ! ረሳኸው?» ትለኛለች። እኔን «ጀሶ» ነው የምትለኝ፤ ከፀጉሬ ላይ ጀሶ ጠፍቶ ስለማያውቅ።

ካርዱ ላይ የሰው አፍ ተስሏል። ሠላሳ ሁለት ትንንሽ ሳጥን፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ አንድ። አሞላሉ የራሱ ሥርዓት ነበረው፣ ሥርዓቱን ያመጡት ደግሞ ዶክተሩ ናቸው። ዶክተሩ ደህና ነገር አያወሩም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ «ደህናው ደህና ነው፣ ምን ወሬ ያስፈልገዋል?» ባይ ናቸው። ታካሚው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን ሲከፍት ትንሿን መስተዋት ያስገቡና፣ ከቀኝ ላይኛው ጥግ ጀምረው እየዞሩ የተበላሸውን ብቻ በቁጥር ይጠራሉ። «ሦስት፣ ተቦርቡሯል። አሥራ አንድ፣ ይነቃነቃል። አሥራ አራት፣ ተነቅሏል።» እትዬ ካርድ የተጠራውን ትጽፋለች። ዝም ተብሎ የታለፈ ጥርስ ጤነኛ ነው፤ ሳጥኑም ባዶ ይቀራል። በእኛ ቤት ባዶ ሳጥን ማለት ምስጋና ማለት ነበር፤ ይህንንም እኛ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

የዶክተሩ ባለቤት አንድ ቀን ተራ መጠበቂያው ውስጥ ተቀምጠው፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንዴ እንኳ «ዛሬ አምሮብሻል» ተብለው እንደማያውቁ ለእትዬ ካርድ አጫወቷት።

«አላማረብሽም ብለውዎት ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ምን ጎደለብዎት? አምሮብዎታል ማለት ነው እኮ!» ብላ አጽናንታ ሸኘቻቸው። ለሰው ሲሆን እንዲህ ብልህ ናት።

ለራሷ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ወዲያ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት የስፌት መኪና ብቻ የምትችል ጠባብ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ አለ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ይህ ሰው ክር በመቀስ ቆርጦ አያውቅም፤ ቀጭ አድርጎ በጥርሱ ይበጥሰዋል። «መቀስ የተሠራው ጥርስ ለሌለው ነው» እያለ ይኩራራል። የሚያኮራውም አለው፦ ሠላሳ ሁለቱም በየቦታቸው፣ አንድ ቀዳዳ የሌለባቸው፣ በመስመር የተሰለፉ። እኔን የመሰለ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት አፍ ነው። እንዲያም ሆኖ ለዘጠኝ ዓመት፣ በየስድስት ወሩ፣ አንድ ቀን ሳያዛንፍ፣ አዲስ ኮት ለብሶ ሊመረመር ይመጣል። ዶክተሩ አፉን ዞረው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይወጣሉ። እትዬ ካርድ ባዶውን ካርድ ትዘጋለች። እሱ ባርኔጣውን ያነሳና «ደህና ይዋሉ» ብሏት ይሄዳል። አሥራ ስምንት ጊዜ መጣ፣ አሥራ ስምንት ጊዜ «ደህና ይዋሉ»።

እትዬ ካርድ ትወደዋለች። እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። ሰማያዊ ቀሚሷን እንዲያሳጥርላት አራት ጊዜ ወስዳለታለች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ «አንቺ ሴትዮ፣ አምስተኛ ካሳጠርሽው እኮ ሸሚዝ ነው የሚሆነው!» ስትላት፣ ያንኑ ቀሚስ እንዲያስረዝምላት ትወስድለት ጀመር። ሰውየውም ከሥሩ እየቀጠለ አስረዘመላት። አሁን ቀሚሱ አራት ዓይነት ሰማያዊ አለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአፉ የወጣው «ይበቃል?» የሚል ብቻ ነው።

«ዛሬስ ምን አለሽ?» እላታለሁ ከሥራ ስንወጣ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ምንም ካላለ ምንም የለም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ የሌለ ነገር ስፈልግ ልገኝ?» ትላለች። በጀሶ ማማሰያዬ አናቷን ብላት እንዴት ደስ ባለኝ!

እንዲህ ስንኖር ኮምፒውተር መጣ።

ያመጣችው የዶክተሩ የእህት ልጅ ናት፤ ፕሮግራም የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ደግ፣ ስትናገር እንኳ የምትሮጥ ልጅ። ሰባት መቶውን ካርድ የሚውጥ ሠንጠረዥ ሠራችልን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ መጨረሻ የመጣበት ቀን፣ ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓምድ ለሠላሳ ሁለት ጥርስ። እትዬ ካርድ ያንን የላስቲክ ቆብ ሳታወልቅ በአንድ ጣቷ እየቀጠቀጠች በሦስት ሳምንት ሁሉንም አስገባችው። ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ ነው ያስገባችው፦ «ተቦርቡሯል» ያለውን «ተቦርቡሯል»፣ «ተነቅሏል» ያለውን «ተነቅሏል»፣ ባዶውን ባዶ።

መጀመሪያ የተጣላነው ከዕድሜ ጋር ነው። ያ ዓምድ ቁጥር ብቻ እንዲያሳይ ስለተደረገ፣ ዕድሜው ያልተጻፈለት ሰው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ወጣ። ቀን የሚያሳየው ዓምድ ደግሞ ባዶ ሲያጋጥመው ከራሱ አፍልቆ 1/1/1900 ይላል። አንድ ጠዋት ዶክተሩ የቀጠሮውን ዝርዝር አይተው «ጨቅላ ሕፃን ነው የሚመጣው፣ ተዘጋጁ» አሉ። እትዬ ካርድ ወንበሩ ላይ ትራስ ደራረበች። እኔ ከቤቴ የምትንጫጫ የላስቲክ ዳክዬ አመጣሁ። በሩ ተከፈተና የገበያው ሥጋ ሻጭ ገባ፣ በሩን ሞልቶት።

«ሕፃኑስ?» አሉ ዶክተሩ።

«የምን ሕፃን?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ዳክዬዋን እያየ።

«ዕድሜህ ዜሮ ነው ይላል። በዚያ ላይ መጨረሻ የመጣኸው ከመቶ ዓመት በፊት ነው።»

ሥጋ ሻጩ ጥቂት አሰበና «ለዚህ ነዋ እንዲህ ያመመኝ!» አለ። ዳክዬዋን እስኪነቀልለት ድረስ ጨምድዶ ይዟት ነበር፤ ሲሄድም ይዟት ሄደ።

የእህት ልጅ አፈረችና ልታስተካክል መጣች። ሐሳቧ ጥሩ ነበር፦ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ዜሮም ሆነ የፈጠራ ቀን ከሚያወጣ፣ እኛ የመረጥነውን ቃል ያሳይ። የጠየቀችበት ሰዓት ግን የሰይጣን ሰዓት ነበር። ተራ መጠበቂያው ጢም ብሏል፤ እትዬ ካርድ በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች፣ በሌላው የዶክተሩን ጣት ነክሶ ያመለጠ የአራት ዓመት ልጅ ሸሚዝ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የስልክ ዓምድ ነበር፤ ግማሹ ሰው ስልክ የለውም።

«እትዬ፣ ባዶ ከሆነ ምን ይበል?»

«ባዶ ከሆነማ የለውማ! ‹የለም› በይው!» አለች እትዬ ካርድ፣ ልጁን እየጎተተች።

እሷ ያሰበችው ስልክ ነው። የእህት ልጅ ደግሞ፣ ፈጣን አይደለች፣ ቃሉን በሁሉም ዓምድ ላይ አደረገችው። በስልኩ፣ በዕድሜው፣ በሠላሳ ሁለቱም ጥርስ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እንግዲህ አስቡት። ጥርሱ የተነቀለ ሰው ሳጥን «ተነቅሏል» ይላል። የተቦረቦረውም «ተቦርቡሯል» ይላል። ዶክተሩ ዝም ብለው ያለፉት ጤነኛ ጥርስ ግን ሳጥኑ ባዶ ነበርና «የለም» ይላል። ሙሉ ጥርስ ያለው ሰው ሠላሳ ሁለት ጊዜ «የለም» ሆኖ ተሰለፈ።

አሁን የእኔ ተራ ደረሰ።

ቅዳሜ እትዬ ካርድ አትገባም። እኔ ገብቼ ሥራ ቀዝቅዞብኝ ስቁለጨለጭ፣ ስክሪኑን አየሁት። «የለም፣ የለም፣ የለም፣ የለም...» ከጫፍ እስከ ጫፍ! ቁልቁል ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለቱም «የለም» የሆነባቸው አርባ አንድ ሰዎች። አርባ አንድ ባዶ አፍ! በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለ ሲሳይ አይቼ አላውቅም። ስሞቹን አንድ በአንድ ብመለከት ኖሮ ግማሾቹን በአካል አውቃቸዋለሁ፤ ግን ደስታ ሰውን ያሳውራል። የእህት ልጅን ደውዬ ጠራኋትና ለአርባ አንዱም ደብዳቤ አሳተምኩ። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፦

«የተከበሩ ጥርስ የለሽ ደንበኛችን፣ አንድም ጥርስ እንደሌለዎት ከመዝገባችን በመረዳታችን ከልብ አዝነናል። ይሁን እንጂ ተስፋ አይቁረጡ። ለሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልክዎን ለመስጠት በሚመችዎ ቀን ይምጡ። እስከዚያው ለስለስ ያለ ነገር ይብሉ።»

ዶክተሩ ደብዳቤውን አነበቡት፣ ደህና መሰላቸው፣ ስለዚህ ዝም ብለው ፈረሙ። ደብዳቤዎቹ የዚያኑ ቀን በእጅ ታደሉ፤ እኔ ሦስት ጆንያ ጀሶ አዘዝኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ መጀመሪያ የቆመችው የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ደብዳቤውን በጥርሶቿ ነክሳ ይዛ ነው የገባችው፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ነገር አላስፈለጋትም። ከእሷ ቀጥሎ መንታ እህትማማቾች፣ ከዚያ አንድ የሠርግ ዘፋኝ፣ ከዚያ ጠርሙስ በጥርሱ ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠልኝ የጎማ ጠጋኝ። ከሁሉ የከፋው ግን የግቢያችን ዘበኛ ነው። አባባ ዘበኛ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ሁሉንም ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው የነቀሉላቸው። የእሳቸው ረድፍ ታዲያ ሠላሳ ሁለት ጊዜ «ተነቅሏል» ስለሚል ደብዳቤ አልደረሳቸውም።

«ሙሉ አፍ ያለው ሁሉ ተጠርቶ እኔ በር ላይ ቆሜ ልያችሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ካርድ ጩኸቱን እየሰማች ገባች፣ ስክሪኑን አየች፣ ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ጀሶ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ነገርኳት። የላስቲክ ቆቧን በስሞቹ ላይ ቁልቁል አስኬደችው። ልብስ ሰፊው ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።

«ለእሱም ደርሶታል?»

«ደርሶታል።»

የላስቲክ ቆቧን ከጣቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሱቁን ወሬ ከሰዓት በኋላ ሰማን። ደብዳቤው የደረሰው ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። ልብስ ሰፊው እጁ በመርፌ ስለተያዘ፣ ኮት ሊለካ የቆመው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር «ላንብብልህ» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበለት። እስከ «ለስለስ ያለ ነገር ይብሉ» ድረስ። በማግስቱ ልጆች አፉን ለማየት መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። አንዲት ደግ ጎረቤት የተፈጨ ድንች አመጣችለት። ሦስት ደንበኞች ሳይነጋገሩ ሦስት መቀስ በስጦታ ሰጡት።

ሐሙስ የቀጠሮው ቀን ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛው። እትዬ ካርድ አራት ዓይነት ሰማያዊ ያለውን ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ስድስት ሰዓት ላይ መሳቢያውን ዘጋችና «ሄደ በቃ፤ ‹ደህና ይዋሉ› የሚለኝን ሰው እንኳ አጣሁት» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ በሕይወቴ ጀሶ የሚባል ነገር ያኔ ነው የጠላሁት።

«ተነሺ» አልኳት። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ስንገባ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አላለም። ክር ይመዝዛል፣ ቀጭ፣ ይበጥሳል። ሌላ ይመዝዛል፣ ቀጭ። የሚሰፋው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ ክር ብቻ ነበር የሚበጥሰው።

«ስህተቱ የእኛ ነው» አለች እትዬ ካርድ። «ዶክተሩ ጤነኛ ጥርስ ላይ ዝም ስለሚሉ፣ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ደግሞ...»

«ዘጠኝ ዓመት» አለ ልብስ ሰፊው። «አሥራ ስምንት ጊዜ ከፍቼ አሳየሁ። እርስዎም አጠገቤ ቆመው አይተዋል። ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያሳየውን ነገር እንዴት ነው የለም ብለው የሚጽፉበት?»

«ምንም ስላልተባለ...»

«ዝም ያለ ሁሉ የለውም ማለት ነው እንዴ?» አለና ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ክሩን ሊበጥስ አነሳው፣ ተወው።

ስለ ጥርስ ብቻ የሚያወራ ሰው እንዲህ አይቀላም። እኔ ገብቶኛል። እትዬ ካርድ ግን ስለ ዓምድና ስለ ረድፍ ማስረዳቷን ቀጠለች፤ እንደገና እናይዎታለን፣ ዶክተሩ እያንዳንዱን ጥርስ ጮክ ብለው ይመሰክራሉ፣ አርብ ሳምንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ይምጡ። እሱ ወደ መኪናው ዞሮ ክር መምዘዝ ጀመረ። መንገዱን ግማሽ ከሄድን በኋላ ነው ድንገት ቆማ እጄን የያዘችው።

«ጀሶ፣ ስለ ጥርሱ ነው የተናገረው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠይቂው።»

«እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?»

«ስልክ አለህ ወይ ተብሎ እንደሚጠየቀው ነዋ!» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከእህት ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ሠንጠረዡን አስተካከለች። በየዓምዱ አንድ በአንድ ሄዱበት። ስልክ ላይ «ስልክ የለውም» እና «ገና አልተጠየቀም» ተለያዩ። ዕድሜ ላይ ዜሮ የሚወጣው ከእናቱ እቅፍ ላልወረደ ብቻ ሆነ። ጥርስ ላይ ደግሞ ጤነኛው «ደህና» ተብሎ ይጻፋል፣ ባዶ የቀረው ሳጥን «ገና አልታየም» ይላል። ቀለሙንም ፈዘዝ አደረጉት፣ ሰው የጻፈው እንዳይመስል። ከዚያ ዶክተሩ ፊት ቆመችና ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ጤነኛ ጥርስ «ደህና» ማለት እንዳለባቸው ነገረቻቸው።

«ለእያንዳንዱ? ሠላሳ ሁለት ጊዜ?»

«ሠላሳ ሁለት ጊዜ።»

«ደህና መሆኑ እየታየ?»

«ለእርስዎ ነው የሚታየው። እኔ ከእንግዲህ ያልተነገረኝን አልገምትም» አለች። ከድምጿ የተነሳ አልተከራከሩም።

አርባ አንዱም በተራ ተጠሩ። የመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ «ደህና» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ በሹክሹክታ ነበር የሚያወጡት። ሁለተኛው ቀን ለመዱት። ሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ክሊኒክ ደወሉ፤ ዶክተሩ ቤት ገብተው ወንበሩን እያዩ «ደህና»፣ መጋረጃውን እያዩ «ደህና»፣ እሳቸውን ትክ ብለው እያዩ «ደህና» ስላሏቸው፣ አሟቸው እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ አርባኛው ሰው ሲወጣ ዶክተሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ጊዜ «ደህና» ብለው ድምፃቸው ጥርግ ብሎ ጠፋ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የሚወጣ ነገር የለም።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው ገባ። አዲስ ኮት አልለበሰም፤ የሥራ ሸሚዙ ላይ ክር ተጣብቆበት ነው የመጣው። ለማንም ሰላም ሳይል ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን ከፈተ። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን አሳዩን፣ እጃቸውን አወናጨፉ፣ ከዚያ መስተዋቷን ለእትዬ ካርድ ሰጧት። እኔ በእሷ ወንበር ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። የእህት ልጅና አባባ ዘበኛ በር ላይ ቆሙ።

«አንድ» አልኩ።

«ደህና» አለች እትዬ ካርድ።

«ሁለት።»

«ደህና።»

እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ታያለች። አሥር ላይ ድምጿ ደህና ነበር። ሃያ ላይ አንዱን ጥርስ ሁለቴ ታይ ጀመር። እሱ ጣሪያውን ነበር የሚያየው፣ ሃያ አምስት ላይ ግን ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ፤ ከዚያ አልነቀለውም። ሠላሳ፣ ደህና። ሠላሳ አንድ፣ ደህና። ሠላሳ ሁለት፣ ደህና። ረድፉ ሞላ፤ አንድም ሳጥን አልቀረም። መስተዋቷን ግን ከአፉ አላወጣችውም።

«አፍዎን አይዝጉ» አለችው። «አንድ ነገር ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ የታመመ ጥርስ ሳይኖርዎት በየስድስት ወሩ የመጡት ለጥርስዎ ነው ወይስ ለእኔ? መናገር እንደማይችሉ አውቃለሁ። ለጥርስዎ ከሆነ አንድ ጣት ያንሱ። ለእኔ ከሆነ ሁለት።»

ዶክተሩ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ተደገፉ። እኔ እጄን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረግኩ፣ አንዲት ጣት ብቻ ብታነሳ በጀሶ ነው የምቀብርህ እያልኩ በልቤ እዝታለሁ።

ልብስ ሰፊው እጆቹን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሳ። ሁለቱንም። አሥሩንም ጣቶቹን ዘረጋቸው።

እትዬ ካርድ መስተዋቷን አወጣች። ጣቶቹን በዓይኗ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ መዝገብ ያዥ አይደለች፣ ሳትቆጥር አታምንም።

«አሁን አፍዎን መዝጋት ይችላሉ» አለችው፣ እንባዋ እየወረደ።

አልዘጋውም። እየሳቀ ነበር።